ወንዝ በሚሰጠውና በሚወስደው መሬት ላይ፦ የተሻሻለ የቅባት እህል ዘር ከገበሬው እጅ እንዴት ይደርሳል?



የዓመት መጽሔታችን በሚዘጋጅበት ጊዜ ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር አንድ አስረጂ ጽሑፍ ማቅረብ ልማዳችን ነው። የዘንድሮው ርእሳችን ከየቤታችን ማድቤት የሚነሣ ነው። ወጡ የሚቁላላበት ዘይት ከየት ይመጣል? ማንስ ያመርተዋል? ዋጋውስ በአንድ ወር ውስጥ ለምን እንዲያ ይሰቀላል?

ወላጆች እ.ኤ.አ. 2022ን አትረሱትም። የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የሱፍ ዘይት ከጥቁር ባሕር ወደቦች እንደ ልብ መውጣት አቃተው። በዚያው ዓመት በኤፕሪል መጨረሻ ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይላክ ለሦስት ሳምንት ያህል ከለከለች። ከሩቅ አገር በተወሰነ ውሳኔ በእኛ ሰፈር ሱቅ የአንድ ጀሪካን ዘይት ዋጋ ናረ። ዘይቱን ከውጭ የሚያስመጣ አገር ሁሉ ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ ዘይታችንን በራሳችን መሬት ማብቀል አንችልም ወይ?

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከጠየቁት አገሮች አንዷ ባንግላዴሽ ናት። ስፋቷ የኢትዮጵያን አንድ ሰባተኛ ያህል ቢሆን ነው፤ ሕዝቧ ግን ከ160 ሚሊዮን በላይ ነው። ከምትጠቀመው የምግብ ዘይት አብዛኛውን ከውጭ ታስገባለች። ባዶ መሬት የላትም፤ ጥሩ መሬቷ ሁሉ በሩዝ ተይዟል። ስለዚህ መልሱ ከሚፈለግባቸው ቦታዎች አንዱ ማንም እንደ ዋና መሬት የማይቆጥረው፣ ወንዝ የሚሰጠውና መልሶ የሚወስደው የደለል መሬት ሆነ። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በጂኦግራፊ ስለ ደለልና ስለ ወንዝ አፍ ሲማሩ «እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ይኖራል ወይ?» ብለው መጠየቃቸውን መምህራቸው ነግረውናል። አዎ፣ ይኖራል። ያርሳልም። እንዴት እንደሆነ እናስረዳለን።

ቻር ማለት ምን ማለት ነው?

ጋንጀስና ብራህማፑትራ ከሂማላያ ተራሮች ተነሥተው ባንግላዴሽ ውስጥ ይገናኛሉ። እነርሱና መግና በአንድነት በዓመት ወደ 1 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ ደለል እንደሚሸከሙ ይገመታል። ብራህማፑትራ በባንግላዴሽ ውስጥ ጃሙና ይባላል። በክረምት ወራት በአንዳንድ ቦታ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ወንዙ ሲሞላ አፈር ይበላል፤ ሲጎድል ደግሞ የበላውን ሌላ ቦታ ያራግፋል። በዚህ መንገድ ከውሃው መካከል ብቅ የሚለውን ደሴትና ከዳር የሚለጠፈውን አዲስ መሬት የአገሩ ሰዎች «ቻር» ይሉታል።

ቻር ዕድሜው አይታወቅም። አንዳንዱ በሁለት ዓመት ውስጥ ተንዶ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ሣር ያበቅልና መንደር ይሆናል። በኩሪግራም፣ በጋይባንዳና በሲራጅጋንጅ አውራጃዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲህ ባለ መሬት ላይ ይኖራሉ። ቤታቸው ከቀርከሃና ከቆርቆሮ ነው፤ መሬቱ መናድ ሲጀምር ነቅለው፣ በጀልባ ጭነው ወደ ሌላ ቻር ይሻገራሉ። በዕድሜው ደጋግሞ ቤቱን የነቀለ ገበሬ እዚያ ብርቅ አይደለም።

አፈሩም አንድ ዓይነት አይደለም። ውሃው በቀስታ የተኛበት ቦታ ላይ ቀጭን ደለል ይቀራል፤ ይህ ለም ነው፣ እርጥበትም ይይዛል። ውሃው እየጋለበ ያለፈበት ቦታ ላይ ግን የሚቀረው አሸዋ ነው፤ ውሃ አይቋጥርም፣ ማዳበሪያውም ታጥቦ ይወርዳል። በአንድ ሰው ማሳ ውስጥ እንኳ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። ባለፈው ዓመት ለም የነበረው ዘንድሮ አሸዋ ተጭኖበት ሊገኝ ይችላል።

ከ80 ቀን ያልበለጠ

በአገሩ «ሰሪሻ» የሚባለው የቅባት እህል የእኛ የጎመን ዘርና የሰናፍጭ ዘመድ ነው። አበባው ቢጫ ነው፤ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ሜዳውን ሁሉ ያለብሰዋል። ከሩዝ ጋር ሲነጻጸር ውሃ የሚፈልገው ጥቂት ነው። ጎርፉ ሲሸሽ በአፈሩ ውስጥ የሚቀረው እርጥበት ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። በዝቅተኛው የቻር ዳር ገበሬዎች መሬቱን ሳያርሱ በእርጥቡ ደለል ላይ ዘሩን በትነው ይተዉታል፤ ይበቅላል። በሬ ለሌለውና የውሃ መሳቢያ ሞተር መከራየት ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ጊዜው ነው። ከፍ ባሉትና በረጉት ቻሮች ላይ ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ሩዝ ያመርታል። የመጀመሪያው «አማን» ይባላል፤ በክረምቱ ተተክሎ በኖቬምበርና በዲሴምበር ይታጨዳል። ሁለተኛው «ቦሮ» ነው፤ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ይተከላል። በሁለቱ መካከል መሬቱ ለጥቂት ሳምንታት ጾሙን ያድራል። የቅባት እህል ይግባ ከተባለ በዚያች ክፍተት ውስጥ ተዘርቶ፣ አብቦ፣ ፍሬ ይዞ፣ ታጭዶ መውጣት አለበት። አሥር ቀን ቢዘገይ የቦሮ መትከያ ያልፋል። ገበሬው ደግሞ ለዘይት ብሎ ሩዙን አይለቅም፤ ሩዝ ማለት የልጆቹ እራት ነው።

ነባሩ የጎመን ዘር ዝርያ ቶሪ-7 ይባላል። በ70 እና በ80 ቀን መካከል ይደርሳል፤ ስለዚህ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ምርቱ ግን ትንሽ ነው፤ በሄክታር 10 ኩንታል ገደማ። ከዚህ የበለጠ የሚሰጡ ዝርያዎች ቀድሞም ነበሩ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ለመድረስ 90 ወይም 100 ቀን ይፈልጉ ነበርና ለዚህ ገበሬ አልሆኑም። በምርምር ጣቢያው ማሳ ላይ ቢደነቁ እንኳ በገበሬው የቀን መቁጠሪያ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

የባንግላዴሽ የግብርና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2006 ባሪ ሰሪሻ-14 የተባለውን ዝርያ ለቀቀ። ይህ ዝርያ የሚደርሰው ከ75 እስከ 80 ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በሄክታር ከ14 እስከ 16 ኩንታል እንደሚሰጥ ተቋሙ አስታውቋል። ገበሬው የወደደው ምርቱን ብቻ አይደለም፤ ሩዙን ሳይነካበት መድረሱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ማየት ያስፈልጋል። ነባሩ የአማን ሩዝ ራሱ 140 ቀን ያህል ከቆመ የቅባት እህሉ ዘር የሚገባበት ጊዜ ይጠባል። ስለዚህ በ115 እና በ120 ቀን መካከል የሚደርሱ የሩዝ ዝርያዎች አብረው መግባት ነበረባቸው። እነዚህ ሩዞች ሌላም ጥቅም ሰጥተዋል። በሰሜን ባንግላዴሽ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ያለው ጊዜ «ሞንጋ» ይባላል፤ ጎተራ ባዶ የሚሆንበት፣ የቀን ሥራም የሚጠፋበት ወቅት ነው። ቀድሞ የሚደርስ ሩዝ ቀድሞ ይበላል፤ ለአጫጁም ቀድሞ ሥራ ይሰጣል። እንግዲህ አንድ የዘይት ዘር ለማስገባት የተጀመረው ጉዳይ ሳይታሰብ እስከ ረሃቡ ወቅት ይደርሳል። በግብርና አንዱ ሲነካ ሌላው ይንቀሳቀሳል።

ለሒሳብ ክፍል የሚሆን ምሳሌ

ተማሪዎች፣ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። አንድ የቻር ገበሬ ሩብ ሄክታር መሬት አለው እንበል። በቶሪ-7፣ በሄክታር 10 ኩንታል ከሆነ፣ የሚያገኘው 2 ኩንታል ተኩል ነው። በአዲሱ ዝርያ፣ በሄክታር 15 ኩንታል ብንወስድ፣ 3 ኩንታል ከ75 ኪሎ ያገኛል። ልዩነቱ 125 ኪሎ ነው። የሰፈር መጭመቂያ ከዘሩ ክብደት አንድ ሦስተኛ ያህል ዘይት ያወጣል ብንል፣ ትርፉ ከ40 ኪሎ በላይ ዘይት ይሆናል። የቀረው ፋጉሎ ለላም መኖ ወይም ለማሳው ማዳበሪያ ይሆናል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ የወራት ዘይት ነው፤ ከሱቅ የማይገዛ፣ ኢንዶኔዥያ ብትከለክል የማይነካ።

ነገር ግን ይህ ስሌት በወረቀት ላይ ነው። የ15 ኩንታሉ ቁጥር ማዳበሪያውና እንክብካቤው የተሟላለትን ማሳ የሚመለከት ነው። በአሸዋማ ቻር ላይ ድኝና ቦሮን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ያንሳሉ። ቦሮን ያነሰው ጎመን ዘር አበባው ያማረ ይሆናል፣ ፍሬ ግን አይቋጥርም። ዘግይቶ የተዘራውን ደግሞ በብርዱ ወቅት ክሽክሽ ይወርረዋል። ስለዚህ ምርጥ ዘር ብቻውን ተአምር አይሠራም። በጊዜው ካልተዘራና የጎደለው ካልተሟላለት ከነባሩ ዘር የማይሻልበት ጊዜ አለ።

አሸዋውስ ምን ይሁን?

ጎመን ዘር ደለሉን ይወዳል። አሸዋው ላይ የሚሻለው ኦቾሎኒ ነው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚገርማቸው ይህ ተክል ከምድር በላይ አብቦ ፍሬውን ከምድር በታች መሥራቱ ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ አንዲት ቀጭን ዘንግ ወደ ታች ትወርድና አፈር ውስጥ ትገባለች፤ ፍሬው እዚያ ይሠራል። ጠንካራ አፈር ይህችን ዘንግ ይከለክላታል፤ ልል አሸዋ ግን ያሳልፋታል። ሲነቀልም ፍሬው አፈር ውስጥ ተቆርጦ አይቀርም። በተጨማሪም ኦቾሎኒ እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ በሥሩ የሚያከማች ተክል ስለሆነ ድሃውን አሸዋ ቀስ በቀስ ያበለጽገዋል።

ታዲያ የተሻሻለው የኦቾሎኒ ዝርያ ለምን እንደ ጎመን ዘሩ በቀላሉ አይዳረስም? መልሱ በዘሩ መጠን ላይ ነው። ለአንድ ሄክታር ጎመን ዘር ከ6 እስከ 8 ኪሎ ዘር ይበቃል። ለሩብ ሄክታር ከ2 ኪሎ አይበልጥም፤ አንዲት እናት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ለጎረቤቷ ልትሰጠው ትችላለች። ለአንድ ሄክታር ኦቾሎኒ ግን ከነቅርፊቱ 100 ኪሎ ያህል ዘር ያስፈልጋል። ለሩብ ሄክታር 25 ኪሎ ማለት ነው። ይህን ያህል ለመግዛት ብር ያስፈልጋል፤ ለማምጣት ጀልባ ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። ኦቾሎኒ ቅባታም ስለሆነ በክረምቱ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። በበጋው መጨረሻ የታጨደው እስከሚቀጥለው መዝሪያ ድረስ ሲቀመጥ ብዙው ይሞታል። በዚህ ምክንያት ገበሬዎች ከፍ ባለ ቦታ፣ ጎርፍ በማይደርስበት፣ ለዘር ብቻ ሌላ ትንሽ እርሻ በክረምቱ ያበቅላሉ። ዘሩን በጎተራ ማኖር ሲያቅት በማሳ ያኖሩታል ማለት ነው። ስለዚህ «ለገበሬው የተሻሻለ ዘር ሰጠን» ብሎ መመለስ ለጎመን ዘር ይሠራ ይሆናል፤ ለኦቾሎኒ ግን ዘሩን በየዓመቱ የሚያቆየው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልታሰበ ነገሩ በአንድ ክረምት ያበቃል።

ገበሬው «አይሆንም» ሲል

በትምህርት ሥራ ብዙ ዓመት የቆየን ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን፤ ተማሪ ያልተቀበለውን ነገር ሁሉ «ሰነፍ ስለሆነ ነው» ብሎ መተው ቀላል ነው። በግብርናም እንዲሁ ይባላል። አዲሱን ዘር ያልወሰደ ገበሬ «ኋላ ቀር ነው» ይባላል። ነገሩን ከእርሱ ቦታ ሆነን እንየው።

አሥር ማሳ ያለው ሰው በአንዱ ላይ አዲስ ነገር ሞክሮ ቢከስር ትምህርት አገኘ ይባላል። አንድ ማሳ ብቻ ያለው ሰው ቢከስር ግን ዕዳ ውስጥ ይገባል፤ ምናልባትም ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ለሥራ ወደ ከተማ ይልካል። ነባሩ ዘር ምርቱ ትንሽ ቢሆንም ጠባዩ ይታወቃል፤ በመጥፎ ዓመት እንኳ ምን ያህል እንደሚሰጥ ገበሬው ያውቀዋል። ስለዚህ የቻር ገበሬ የሚጠይቀው «በጥሩ ዓመት ስንት ይሰጣል?» ብሎ ብቻ አይደለም። «በመጥፎው ዓመት ስንት ይተርፈኛል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ጥሩ ስሌት እንጂ ኋላ ቀርነት አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ ንግግር መልስ አይሆንም። መልሱ በማሳው ላይ መታየት አለበት። የግብርና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው። የገበሬው ማሳ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ ነባሩ ዘር፣ በሌላው አዲሱ ይዘራል። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ማዳበሪያ። ከዘሩ በቀር ምንም አይለያይም። ተማሪዎች፣ ይህ በሳይንስ ክፍል የምትማሩት ሙከራ ነው፤ አንዱን ነገር ለማወቅ ሌላውን ሁሉ እኩል ማድረግ። አበባው ሲወጣና ምርቱ ሲታጨድ ጎረቤቶች ተጠርተው ያያሉ፤ ምርቱ በፊታቸው ይመዘናል። ገበሬ ከምርምር ጣቢያ ይልቅ የጎረቤቱን ማሳ ያምናል፤ ምክንያቱም የጎረቤቱ አፈር የእርሱም አፈር፣ የጎረቤቱ ኪስም የእርሱን የሚመስል ነው።

ሙከራው በአንድ ዓመት ብቻ ማብቃት የለበትም። ቻር ላይ ዓመትና ዓመት አይመሳሰልም። ጎርፉ ቀድሞ የሸሸበት ዓመትና እስከ ኖቬምበር የቆየበት ዓመት ለአንድ ዘር ሁለት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው።

ዘሩን ማን ያኖረዋል? ትርፉስ የማን ይሆናል?

በቻር መንደሮች ብዙ ወንዶች ከአዝመራ ውጭ ባለው ጊዜ ለቀን ሥራ ወደ ዳካና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳሉ። ምርቱን የምታሰጣው፣ የምታበጥረው፣ ለዘር የሚሆነውን የምትለየው ብዙውን ጊዜ ሴቲቱ ናት። ስለዚህ ስልጠናው ለወንዶች ብቻ ተሰጥቶ ሲያበቃ ዘሩ በዓመቱ ተበላሸ ቢባል ሊደንቀን አይገባም፤ ትምህርቱ ዘሩን ለሚይዙት እጆች አልደረሰም። የሚያስፈልገው ነገር ከባድ አይደለም፤ በደንብ የደረቀ ዘር፣ አየር የማያስገባ ጣሳ ወይም የፕላስቲክ በርሜል፣ ከጎርፉ በላይ የሚሰቀልበት ቆጥ። አንድ ጥንቃቄም አለ፤ ጎመን ዘር በንብ በቀላሉ ስለሚዳቀል ለዘር የሚቀመጠው ነባሩ ዝርያ ካለበት ማሳ ራቅ ብሎ ከተዘራ ማሳ መካከል መወሰድ አለበት። አለዚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘሩ ተደባልቆ አዲሱ ከነባሩ አይለይም።

ንብ ጠላት ናት ማለታችን ግን አይደለም። በሲራጅጋንጅና በታንጋይል አካባቢ ጎመን ዘር ሲያብብ ንብ አርቢዎች ቀፏቸውን ጭነው ወደ ማሳው ይመጣሉ። ገበሬው አበባው በደንብ ፍሬ ይይዝለታል፤ ንብ አርቢው ማሩን ይወስዳል። ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ቀጥሎ መጭመቂያው አለ። ዘሩን በጥሬው በአዝመራ ወቅት የሚሸጥ ገበሬ በርካሽ ይሸጣል፤ ምክንያቱም ሁሉም በአንድ ሳምንት ይሸጣል። በሰፈሩ መጭመቂያ ካለ ግን የቤቱን ዘይት ያስቀራል፣ ፋጉሎውን ለላሙ ይይዛል፣ የተረፈውን ዋጋ ሲሻሻል ይሸጣል። አንድ መጭመቂያ ለአንድ የቻር ገበሬ የማይታሰብ ነው፤ ለአንድ መንደር ግን ይቻላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባላችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ የመሬቱ ባለቤትነት ነው። ወንዝ የወሰደው መሬት ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ብቅ ሲል የማን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የባንግላዴሽ የሕግ ማሻሻያ፣ መሬቱ በ30 ዓመት ውስጥ ተመልሶ ከተገኘ የቀድሞው ባለቤት ወይም ወራሹ ሊጠይቀው እንደሚችል ይደነግጋል። በተግባር ግን አዲስ ቻር ብቅ ባለ ቁጥር ጉልበትና ዘመድ ያለው ቀድሞ ይይዛል፤ ድሃው የእኩል አራሽ ይሆናል። የእኩል አራሽ አዲስ ዘር ዘርቶ ምርቱን ከፍ ቢያደርግ ግማሹ የባለመሬቱ ነው። ይባስ ብሎ መሬቱ ዋጋ እንዳለው ከታየ በሚቀጥለው ዓመት ሊነጠቅ ይችላል። ዘር ይዞ ወደ ቻር የሚሄድ ሁሉ አስቀድሞ «ይህን መሬት ማን ያርሰዋል? ምርቱን ማን ይወስዳል?» ብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው። ካልጠየቀ፣ ዘሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ጥቅሙ ከታሰበለት ሰው እጅ ወጥቶ ለሌላው ይደርሳል።

ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ይህ ሁሉ ከእኛ የራቀ መስሎ የሚታያችሁ ተማሪዎች ካላችሁ እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁ። በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በፎገራ በኩል፣ ውሃው ሲጎድል የሚገለጠውን መሬት ሕዝቡ «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ በዚያ ላይ በቀረው እርጥበት ያርሳል። በደቡብ ኦሞ የዳሰነች ገበሬዎች የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሲመለስ በዳርቻው ማሽላ ሲዘሩ ኖረዋል። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሣው ዋቢ ሸበሌ ሶማሊያ ሲደርስ፣ በእርሱና በጁባ ዳርቻ ሰሊጥ የታወቀ ሰብል ነው። ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው፤ ውሃ ሲሸሽ መከተል፣ ሲመለስ መልቀቅ።

የቅባት እህሉም የእኛው ነው። ኑግ መነሻው ኢትዮጵያ ናት። በሳይንሱ ዓለም የሐበሻ ጎመን ዘር የሚባለው ተክልም የተገኘው ከደጋችን ነው፤ እናቶቻችን ቅጠሉን ቀቅለው ያበላሉ፣ ፍሬውን ወቅጠው ምጣድ ያሰሱበታል። የሆለታ ምርምር ማእከል በደጋ የቅባት እህሎች ላይ ሲሠራ ኖሯል። በሰሊጥ በኩል ደግሞ ሁመራ-1 እና ሰቲት-1 የተባሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ለገበሬ ተለቀዋል። ይሁን እንጂ ሰሊጥ ሥሩ ውሃ ላይ ሲቆም ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ ለአንድ የወንዝ ዳር ተስማሚው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ለእኛም ጥያቄ ነው። ከባንግላዴሽ ዘሩን እንዳለ መቅዳት አንችልም። ልንወስድ የምንችለው አጠያየቁን ነው፦ ውሃው መቼ ይሸሻል? መሬቱ ስንት ቀን ባዶ ይቆያል? አፈሩ ደለል ነው ወይስ አሸዋ? ዘሩን ማን ያኖራል? ምርቱ የማን ነው? ከእነዚህ አንዱ ሳይመለስ የሚታደል ምርጥ ዘር በአብዛኛው የአንድ ዓመት ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ለሚመጣው ዓመት ያሰብነው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ሥራ ቢወለድ ደስ ይለናል። ከሳይንስ ክፍል መምህራን ጋር ተነጋግረን ከግቢያችን ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ለዚሁ ለይተነዋል። እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት መደቦች ይዘጋጃሉ። በሁለቱም ጎመን ዘር በአንድ ቀን ይዘራል፤ አንዱ በየሳምንቱ ውሃ ይጠጣል፣ ሌላው ከመዘራቱ በፊት አንድ ጊዜ በደንብ ረጥቦ ይተዋል። ተማሪዎች ስንት ቀን ላይ እንደበቀለ፣ ስንት ቀን ላይ እንዳበበ፣ መቼ እንደታጨደ በደብተር ይመዘግባሉ፤ በመጨረሻ ሁለቱን ምርት ይመዝናሉ። ውጤቱ የሚጠበቀው ባይሆንም እንደሆነው ይጻፋል፤ በሚቀጥለው መጽሔትም ይታተማል።

ወላጆችን ሁለት ነገር እንለምናለን። ከአገር ቤት ስትመለሱ ጥቂት የጎመን ዘር ፍሬ ብታመጡልን፤ ለሁለት መደብ እፍኝ እንኳ ይበዛል። ሁለተኛው፣ ኑግ ወይም ጎመን ዘር ዘርታችሁ፣ ወቅታችሁ ወይም አስጨምቃችሁ የምታውቁ አባቶችና እናቶች አንድ ቀን ወደ ክፍል መጥታችሁ ለልጆቹ ብትነግሩልን። ልጆቻችን ዘይትን የሚያውቁት በጀሪካን ነው። ዘሩን በእጁ ዳብሶ የሚያውቅ ሰው ከፊታቸው ቆሞ ሲያስረዳቸው ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ይገባቸዋል።



የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጽሕፈት ቤት